ኤደንብሪጅ፦ በካናዳ ሜዳ ላይ የነበረች የአይሁድ ገበሬዎች መንደር

በምዕራብ ካናዳ፣ ሳስካቸዋን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በሰፊ የእህል ማሳዎች መካከል ከእንጨት የተሠራ አንድ ትንሽ ቤት ክኔሴት ቆሞ ይታያል። ስሙ «ቤት እስራኤል» ነው። ስሙ ከእኛ ከቤተ እስራኤል ጋር ቢመሳሰልም የታሪክ ግንኙነት የለንም፤ ብዙ የአሽከናዚ ጸሎት ቤቶች የሚጠሩበት የተለመደ ስም ነው። በአጠገቡ መንደር የለም። ሱቅ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ በሰንበት ለጸሎት የሚመጣ ሰውም የለም። ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው የመቃብር ቦታ ግን ይጠበቃል፤ በድንጋዮቹ ላይ ያለው የዕብራይስጥ ጽሑፍም ይነበባል።

ይህች ቦታ ኤደንብሪጅ ትባላለች። በ1906 ተመሠረተች፤ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሞልታ፣ ቆይታ፣ ባዶ ሆነች። ግን አልተረሳችም። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ከገበሬ መንደር የመጡ በመሆናቸው፣ እኛም የከተማና የዩኒቨርሲቲ ልጆች በመሆናችን፣ የዚህች መንደር ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ መንደሯ እንዴት እንደተመሠረተች፣ ለምን ባዶ እንደሆነችና ለምን እንዳልተረሳች እናስረዳለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆነውን ለይተን እንናገራለን።)

ስሟ ከየት መጣ

ሰፋሪዎቹ ካሮት ሪቨር በተባለ ወንዝ ዳር ነበር የሰፈሩት። በወንዙ ላይ ድልድይ ተሠራ። ለፖስታ ቤት የሚሆን ስም ሲያስፈልግ በሚናገሩት በይዲሽ ቋንቋ «ዪድን ብሪክ» ማለትም «የአይሁዶች ድልድይ» የሚል ሐሳብ መጣ። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ጠጋ አድርገው «ኤደንብሪጅ» አሉት። ስሙን የሚያነብ እንግሊዛዊ የኤደን ገነት ድልድይ ይመስለዋል። ይዲሽ የሚያውቅ ሰው ግን «ዪድን» የሚለውን ቃል ከውስጡ ይሰማል። በአንድ ስም ሁለት ጆሮ አስደሰቱ።

ለምን ወደዚያ ሄዱ

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የሊትዌንያ አይሁዶች ነበሩ። ከሊትዌንያ በቀጥታ አልመጡም፤ አስቀድመው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደው ነበር። ከመካከላቸው የቪካር ወንድማማቾች ስም ከመንደሯ ታሪክ ጋር አብሮ ይነሣል። በደቡብ አፍሪካ የቦር ጦርነት በ1902 ካበቃ በኋላ ንግድ ቀዘቀዘ፤ ኑሮም ከበደ። በዚያው ጊዜ የካናዳ መንግሥት «ኑ፣ መሬት ውሰዱ» እያለ በየአገሩ ማስታወቂያ ይበትን ነበር።

መሬት የሚለው ቃል ለእነዚህ ሰዎች ከገንዘብ በላይ ነበር። በሩሲያ ንጉሥ ግዛት በ1882 የወጣው ሕግ አይሁዶች በገጠር አዲስ እንዳይሰፍሩና መሬት እንዳይገዙ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አብዛኛዎቹ በትናንሽ ከተሞች ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊ፣ አንጥረኛና ቸርቻሪ ሆነው ይኖሩ ነበር።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ራሳቸውን ያነቃንቃሉ። በጎንደር ክፍለ ሀገር አብዛኛው የቤተ እስራኤል ገበሬ ርስት አልነበረውም። ጭሰኛ ሆኖ የሌላ ሰው መሬት ያርስ ነበር፤ ከምርቱም ለባለ ርስቱ ይከፍል ነበር። ለዚህም ነው አንጥረኝነት፣ ሸክላ ሥራና ሽመና የኑሮ መደገፊያ የሆኑት። መሬት ለአራሹ የሚለው አዋጅ የወጣው በ1975፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ነው። ስለዚህ «የራሴ መሬት» ማለት ለአያቶቻችን ምን ትርጉም እንደነበረው የሚያውቅ ሰው የሊትዌንያው ልብስ ሰፊ ለምን ውቅያኖስ ተሻግሮ እስከ ካናዳ እንደሄደ አይገርመውም።

ኤደንብሪጅ በዚያ አገር የመጀመሪያዋ የአይሁድ እርሻ መንደር አይደለችም። በ1884 ሙሶሚን በተባለ ከተማ አጠገብ «ኒው ጀሩሳሌም» የሚባል ሰፈራ ተሞክሮ ነበር፤ ውርጭ፣ በረዶና እሳት ተረባርበውበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። በ1892 ደግሞ በክፍለ ሀገሩ ደቡብ ምሥራቅ ሂርሽ የምትባል መንደር ተቋቋመች። ስሟን ያገኘችው ከባሮን ሞሪስ ደ ሂርሽ ነው፤ እሱ በ1891 ያቋቋመው የአይሁድ ሰፈራ ድርጅት ገንዘብ እያበደረ አይሁዶችን በእርሻ ያሰፍር ነበር። የኤደንብሪጅ ሰዎች ግን በድርጅት ዕቅድ አልመጡም፤ ዘመድ ዘመዱን እየጠራ በራሳቸው ነው የሄዱት።

አሥር ዶላርና ሦስት ዓመት

በ1872 የወጣው የካናዳ መሬት ሕግ ቀላል ይመስላል። አንድ ወንድ ዕድሜው 18 ከሞላ፣ 10 ዶላር የመመዝገቢያ ከፍሎ 160 ኤከር ይወስዳል። ይህ ወደ 65 ሄክታር ነው፤ በእስራኤል አለካክ 650 ዱናም ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት፣ በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር በመሬቱ ላይ መኖር አለበት። ቤት መሥራት አለበት። የተወሰነውን መሬት፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ኤከር ያህል፣ ማረስ አለበት። የአገሩን ዜግነት መውሰድም አለበት። ይህን ሁሉ ካሟላ መሬቱ በስሙ ይሆናል።

መከራው በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ኤደንብሪጅ የምትገኘው የሣር ሜዳው አልቆ የሰሜኑ ጫካ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። አፈሩ ጥቁርና ለም ነው፤ ግን ዛፍ ለብሷል። ስለዚህ መጀመሪያ ዛፉን መቁረጥ፣ ቀጥሎ ጉቶውን መንቀል፣ ከዚያ ሥር የሞላበትን አፈር በበሬ መገልበጥ ያስፈልጋል። መርፌ እንጂ መጥረቢያ ይዞ የማያውቅ ሰው በአንድ ዓመት የሚመነጥረው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ቤት ከግንድ ተሠርቶ በጭቃ ይመረጋል። በክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ይወርዳል። ጥሬ ገንዘብ ስለማይኖር በዚያ ዘመን ብዙ ሰፋሪዎች እንጨት ቆራጭ ወይም የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ እየሆኑ የዘርና የበሬ መግዣ ያገኙ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። በማስታወቂያው ላይ ባዶ የተባለው አገር ባዶ አልነበረም። የክሪ ሕዝብና ሌሎች ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበት አገር ነበር። የካናዳ መንግሥት በ1870ዎቹ ተከታታይ ውሎች አስፈርሟቸው፣ ከአደን ያኖራቸው የነበረው ጎሽም አልቆ፣ በተከለሉ ትናንሽ ቦታዎች እንዲወሰኑ ተደረገ። ለኤደንብሪጅ ገበሬ በ10 ዶላር የተሰጠው መሬት ከሌላ ሰው እጅ የወጣ ነበር። የመንደሯ ታሪክ ሲነገር ይህም የታሪኩ ክፍል ነው።

አራት ማዕዘኑ መሬትና ሚንያኑ

በጎንደር ያለ መንደር ምን እንደሚመስል ወላጆቻችን ያውቃሉ። ጎጆዎቹ ተጠጋግተው፣ ጸሎት ቤቱ ከመካከል፣ ወንዙ ከሥር፣ ማሳው ደግሞ ከመንደሩ ውጭ ነው። በካናዳ ሜዳ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። መንግሥት አገሩን ሁሉ በገመድ እንደተለካ ጨርቅ በአራት ማዕዘን ቆራርጦታል። እያንዳንዱ ካሬ በየጎኑ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ካሬው ለአራት ተከፍሎ አንዱ ሩብ ለአንድ ቤተሰብ ይሰጣል። ሕጉ ገበሬው በራሱ መሬት ላይ እንዲኖር ስለሚያስገድድ ቤቶቹ ተራራቁ። በዚህ ላይ በነጻ የሚሰጡት ካሬዎች በአብዛኛው ባለ ጥንድ ቁጥሮቹ ነበሩ፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ለባቡር ኩባንያዎችና ለሽያጭ ይያዙ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ማለት በጭስ የሚታይ እንጂ በድምፅ የሚጠራ አልነበረም።

ይህ ለማንኛውም ገበሬ ብቸኝነት ነው። ለአይሁድ ገበሬ ግን ከብቸኝነት በላይ ነው። ሚንያን አሥር ሰው ይፈልጋል፤ በሻባት ፈረስ አይጫንም፣ ጋሪ አይነዳም። በበረዶ ውስጥ በእግር የሚመጣው ሰው አሥር ይሞላል ወይ? ሥጋው በሕጉ ይታረድ ዘንድ ሾሔት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የቲሽሬ በዓላት፣ ሮሽ ሃሻና፣ ዮም ኪፑርና ሱኮት፣ የሚውሉት እህሉ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ሰሞን ነው። የውቂያ ማሽኑ ደግሞ ከማሳ ማሳ እየዞረ የሚሠራ እንጂ የአንድ ሰው አልነበረም፤ ተራህ በበዓል ቀን ከደረሰ ወይ በዓሉን ትተዋለህ ወይ እህልህ በረዶ እስኪመታው ትጠብቃለህ።

የኤደንብሪጅ ሰዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ጸሎት ቤት መሥራት ነበር። ገና ራሳቸው በግንድ ቤት እየኖሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ «ቤት እስራኤል»ን ሠሩ። ከውጭ ሲያዩት እንደ አገሩ የገጠር ቤቶች ቀላል የእንጨት ሥራ ነው። ዛሬ በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር ቆመው ካሉት የአይሁድ ጸሎት ቤቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ነው።

ስንዴና ውርጭ

በዚያ አገር የገበሬው ትልቅ ጠላት ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ከወቅቱ ቀድሞ የሚመጣ ውርጭም ነው። በረዶው ቀልጦ መሬቱ የሚዘራው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ነው። ውርጭ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ሊመጣ ይችላል። እህሉ ሳይጠነክር ውርጭ ከመታው ፍሬው ይኮማተራል፤ ዋጋውም ይወድቃል። በዘመኑ ይዘራ የነበረው ቀይ ፋይፍ የተባለ ስንዴ ለዳቦ ጥሩ ቢሆንም ለመድረስ ጊዜ ይወስድ ነበር። ቻርልስ ሳውንደርስ የተባለ የካናዳ መንግሥት ተመራማሪ ማርኪ የተባለውን አዲስ ዘር መርጦ አወጣ፤ ከ1909 ጀምሮም ለገበሬዎች ተሰራጨ። ይህ ዘር አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ ይደርሳል። አንድ ሳምንት ትንሽ ይመስላል፤ በሰሜን ጠርዝ ላይ ላለ ገበሬ ግን እህል ሸጦ በማደርና በዕዳ በመቆየት መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነበር።

ሁለት ዓይነት አይሁድ

ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በኋላ ሌሎች መጡ። ከእነሱ መካከል ከለንደን የልብስና የፀጉር ቆዳ ፋብሪካዎች የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህ በሃይማኖት የላሉ፣ በፖለቲካ ወደ ሶሻሊዝም ያዘነበሉ ነበሩ። መሬት የሚያርስ አይሁድ ከመበዝበዝ ነጻ ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር። ነባሮቹ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሻባትንና ጸሎትን የሚሉ ናቸው። በአንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ብዙ ተከራከሩ። ቢሆንም ጉቶ ሲነቀልና እህል ሲወቃ፣ እኛ ደቦ እንደምንለው፣ አብረው ወጡ። በይዲሽ መጻሕፍት ያነቡ፣ ድራማም ይሠሩ ነበር።

ከለንደን ከመጡት አንዱ ማይክ ኡሲስኪን ነው። በ1911 ወደ ኤደንብሪጅ ገባ። የእርሻ ልምድ አልነበረውም። እዚያው ኖሮ፣ አርሶ፣ የመንደሯን ሕይወት በይዲሽ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1945 ታተመ። ስሙ «በሬዎችና ሞተሮች» ማለት ነው። በርዕሱ ብቻ የመንደሯን ዘመን ያሳያል፤ በበሬ ጀምራ በትራክተር ጨረሰች።

መንደሯ ለምን ባዶ ሆነች

ምክንያቱ አንድ አይደለም። በመጀመሪያ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የስንዴ ዋጋ ተንኮታኮተ። በ1929 ከአንድ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አንድ ቡሽል በ1932 መጨረሻ ከ40 ሳንቲም በታች ወረደ። ብዙ ገበሬ ለመጓጓዣ እንኳ የማይበቃ ዋጋ እያገኘ ሸጠ።

ሁለተኛ፣ ትራክተርና ኮምባይነር መጡ። በበሬ ዘመን 160 ኤከር ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ነበር፤ በማሽን ዘመን ግን አነሰ። ማሽኑ ውድ ስለሆነ ወጪውን የሚሸፍነው ሰፊ መሬት ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላውን እየገዛ የእርሻዎቹ ቁጥር ቀነሰ። ይህ በሜዳው አገር ሁሉ የሆነ ነው፤ የዩክሬንም የስካንዲኔቪያም ሰፋሪዎች መንደሮች በዚሁ መንገድ ጠፍተዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ትምህርት ነው፤ ለእኛም የሚቀርበው ይህ ነው። ወላጆቹ ልጆቻቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሩ። የተማረው ልጅ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ከተማ ሄደ። በከተማ ሥራ አገኘ፤ አይሁድ የትዳር ጓደኛም አገኘ። በመንደሯ ደግሞ አይሁድ ሊያገባ የፈለገ ወጣት ምርጫው ጥቂት ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ወጣቱን አስወጣ፤ የወጣው ሁሉ ወደ ማሳው አልተመለሰም። ከመንደሯ ተወላጆች አንዱ ኖርማን ቪካር ከ1975 እስከ 1982 በሳስካቸዋን ምክር ቤት የሜልፎርት ከተማና አካባቢዋ ተወካይ ነበር፤ ሚኒስትርም ሆነ። ወላጆች ልጆቻቸው እንዲማሩ ፈልገው ነበር፤ ተማሩላቸው። የተማሩት ልጆች በሄዱ ቁጥር ግን ሚንያኑ ጎደለ። በ1960ዎቹ ጸሎት ቤቱ ተዘጋ።

ይህን ውድቀት ነው ማለት አስቸጋሪ ነው። መሬት የተከለከሉ ሰዎች መሬት አገኙ፤ በላዩ ኖሩ፤ ልጆቻቸውንም ወደፈለጉበት አደረሱ። ቢሆንም አንድ ነገር ተዘግቷል። በይዲሽ ስለ በሬ፣ ስለ ጉቶና ስለ ውርጭ የሚያወራ መንደር ዳግመኛ አልተገኘም።

ለምን አልተረሳችም

በሜዳው አገር ስማቸው ብቻ በካርታ የቀረ፣ እሱም የጠፋ ብዙ መንደሮች አሉ። ኤደንብሪጅን ያቆዩት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ጸሎት ቤቱ ነው። ከመንደሯ የሄዱት ቤተሰቦች አልሸጡትም፣ እንዲፈርስም አልተዉትም። በቅርስነት ተመዝግቧል።

ሁለተኛው መቃብሩ ነው። የልጅ ልጆች ከሩቅ ከተማ እየመጡ ይጎበኙታል። መቃብር የሚጠበቅ ከሆነ መንገዱም አይረሳም።

ሦስተኛውና ትልቁ የኡሲስኪን መጽሐፍ ነው። የይዲሽ አንባቢ እያነሰ ሲሄድ መጽሐፉም ከመንደሯ ጋር ሊቀበር ይችል ነበር። ግን ከቤተሰቡ አንዲት ሴት ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችው፤ በ1983 ታተመ። አሁን ስለ ምዕራብ ካናዳ የአይሁድ ገበሬዎች የሚጽፍ ሰው ሁሉ ወደዚህ መጽሐፍ ይመለሳል። አስተውሉ፤ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። አንደኛው መንደሯን የኖረባትና በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጻፈው ገበሬ ነው። ሁለተኛዋ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቀው የሚቀጥለው ትውልድ ልጅ ናት። አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በመካከልና በኋላም በተለያየ ጊዜ የቤተ እስራኤል መንደሮች ባዶ ሆኑ። የእኛ ሰዎች የወጡት በስንዴ ዋጋ ወይም በትራክተር ምክንያት አይደለም፤ ኢየሩሳሌምን ብለው ነው። ብዙዎችም በሱዳን መንገድ ላይ ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ታሪኮች አንድ ናቸው አንልም። የቀረው ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው። የአምቦበርንና የወለቃን ስም ብዙ ሰው ያውቃል፤ ጎብኚም ይደርስባቸዋል። ስማቸው በወላጆቻችን አፍ ብቻ ያለ ትናንሽ መንደሮች ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ሰዎቹን የሚያውቅ ሽማግሌ ሲያልፍ የመንደሩ ስም አብሮት ያልፋል።

ስለ ጉዞውና ስለ አልያ ብዙ ተጠይቋል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ እርሻው ግን ጥቂት ነው የምንጠይቀው። በሚቀጥለው ሻባት ወይም በዓል ከአባባ፣ ከእማማ ወይም ከአያት ጋር ስትቀመጡ የሚከተሉትን ለመጠየቅ ሞክሩ። መልሱን በአማርኛ ወይም በትግርኛ እንደተነገረው መዝግቡ፤ ወደ ዕብራይስጥ መተርጎሙ ቀጥሎ ይደርሳል።

— መሬቱ የማን ነበር? ከምርቱ ስንት እጅ ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር? ከ1967 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አዋጅ በኋላ ምን ተለወጠ?
— እያንዳንዱ ማሳ ስም ነበረው? ወንዙና ምንጩስ ምን ይባሉ ነበር?
— ምን ይዘራ ነበር? መቼ? ዘሩ ከየት ይመጣ ነበር?
— በሰንበትና በበዓል አጨዳ ሲደርስ ምን ይደረግ ነበር? ደቦ ላይ ክርስቲያን ጎረቤቶች ይመጡ ነበር?
— ጸሎት ቤቱ የት ነበር? ማን ሠራው? መቃብሩስ የት ነው?
— በሬዎቹ ስማቸው ማን ነበር? ሲወጡ ለማን ተሸጡ፣ ለማን ተተዉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ገበሬ የበሬውን ስም አይረሳም፤ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚከፈተው ከዚያ ነው። ኡሲስኪንም ከመጽሐፉ ርዕስ የመጀመሪያውን ቃል ለበሬዎቹ ሰጥቷል።